ጋሽ ኢሳይያስ ስማቸውን የሰጡት ቁልፍ

በ2009 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ ከእኔ በላይ ኮምፒውተር የሚያውቅ አለ ቢባል እጣላ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ዓመት አልሞላኝም። የቤንችኛ ተረት የሚያሰባስብ አንድ ትንሽ ማኅበር ተረቶቹን በስልክ የሚያስነብብ መተግበሪያ እንድሠራለት ቀጥሮኝ ነበር።

ተረቶቹን የሰበሰቡት ጋሽ ኢሳይያስ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሠላሳ ዓመት ደብተር ላይ ሲጽፉ ኖረው ዓይናቸው ደከመ። ዓርብ ለቀዶ ሕክምና ጅማ ይሄዳሉ፤ ሐኪሙም ይድናል ብሎ ቃል አልሰጣቸውም።

«ሳልሄድ ለሰው ሁሉ ወጥቶ፣ አንድ ልጅ እንኳ ከስልኩ ሲያነበው ልየው» አሉኝ ሰኞ ዕለት።

መተግበሪያው አልቋል፤ የቀረው ቁልፉ ብቻ ነው። ቁልፍ የምንለው መተግበሪያው የእኛ ለመሆኑ ፊርማ የሚያኖርልንን ፋይል ነው፤ ኮምፒውተሩ ስምና ከተማ ጠይቆ ይሠራዋል። በጋሽ ኢሳይያስ ስም ይሁን አልኩ። እሳቸውም አጠገቤ ተቀምጠው፣ የቀበሌ ፎርም እንደሚያስሞላ ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ኢሳይያስ ማቴዎስ፣ ሚዛን ተፈሪ» አሉ።

ለቁልፉ የሃያ ዓመት ዕድሜ ሰጠሁት። የማኅበሩ ኮምፒውተር ኢንተርኔት ስለሌለው በቁልፉ የፈረምኩትን መተግበሪያ በፍላሽ ይዤ ገበያው አጠገብ ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ሮጥኩ። መተግበሪያ የሚቀበለው ድረ ገጽ መለሰኝ፦ ቁልፉ በፈረንጆቹ 2029 ያበቃል፣ ቢያንስ እስከ 2033 መድረስ አለበት። በእኔ ሒሳብ ግን 2017 ላይ ሃያ ሲደመር 2037 ነው።

ጥፋተኛውን ወዲያው ያገኘሁ መሰለኝ። ቁልፉን የሚሠራው ጃቫ የሚባል ፕሮግራም ነው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ አሮጌና አዲስ ሁለት ጃቫ ተጭኗል። እርስ በርስ ተጋጭተዋል አልኩና አሮጌውን አጠፋሁ። የማኅበሩ ጸሐፊ እትዬ ውድነሽ የምትሠራበት ፕሮግራም አብሮ ሞተ። አሮጌውን መልሼ አዲሱን አጠፋሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው፤ ማክሰኞና ረቡዕ እንዲሁ አለፉ። በየሙከራው ኮምፒውተሩ ስም ይጠይቃል፣ ጋሽ ኢሳይያስም ሳይሰለቹ «ኢሳይያስ ማቴዎስ፣ ሚዛን ተፈሪ» ይላሉ። እኔ ግን ሰለቸኝ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት።

«ሃያ ዓመት ሰጥቼው የትኛው ነው ስምንቱን የሚበላብኝ?»

እትዬ ውድነሽ ከምታስተካክለው ፋይል ቀና አለች። «እኛና ፈረንጅስ የምንለያየው ስምንት አይደል? የኮምፒውተሩን ቀን እኮ እኔ ነኝ በእኛ ዘመን ያደረግኩት። ደብዳቤ ሳትም የፈረንጅ ቀን እያወጣ አስቸገረኝ።»

የስክሪኑን ጥግ አየሁ። 2009 ይላል፤ ሃያ ሲደመርበት 2029። አራት ቀን ሙሉ አይቼዋለሁ፤ ትክክል ስለሆነብኝ ነው ያለፍኩት። አፈርኩ። ጋሽ ኢሳይያስ ግን ሳቁ፤ «በል እንግዲህ፣ ጠይቀኝ» አሉ። ዘመኑን አስተካክዬ ጠየቅኳቸው፤ ስማቸውን ነገሩኝ። በዝናብ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ፤ ድረ ገጹም ተቀበለ።

ዓርብ ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ የልጅ ልጃቸው ሆሳዕና ከራሷ ስልክ አንዱን ተረት አነበበችላቸው። እሳቸው የሚያዩት ስልኩን ሳይሆን የእሷን ፊት ነበር። ረዳቱ «አባ፣ ይግቡ» ሲላቸው ተረቱ እስኪያልቅ በእጃቸው አስቆሙት።

ዓይናቸው አልዳነም። በዓመቱ እሳቸውም አረፉ። እነዚያ አራት ቀኖች ከነንዴቴ ይናፍቁኛል። አዲስ ተረት በጨመርኩ ቁጥር የምፈርመው በዚያው ቁልፍ ነው፤ በሌላ ቢሆን ድረ ገጹ አይቀበለኝም። ቁልፉ አንዴ ስለተሠራ ኮምፒውተሩ ስም መጠየቁን ትቷል፤ እኔ ግን ከመፈረሜ በፊት ጉሮሯቸውን እስኪጠርጉ ትንሽ እጠብቃለሁ።