ዘነቡ አጥሩን የለቀቀችልኝ ሰሞን

በሰለ አጋሙ።

ቀላ... ከዚያ ጠቆረ... ከዚያ በሰለ አጋሙ፣ በአጥሩ ላይ፣ ከቁልቋሉ ጎን። ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል፤ ሲወዛወዝ እሾሁ ቁልቋሉን ይወጋዋል፤ ሲወጋው ነጭ ወተት ይወርዳል ከቁልቋሉ፣ ጠብ... ጠብ... ጠብ። አጋም የተጠጋ ቁልቋል ሲያለቅስ ይኖራል ይላሉ። እውነት ነው፣ ያለቅሳል። እኔ ግን ይህን አጥር ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ቁልቋሉ ሲያለቅስ እንጂ ሲደርቅ አላየሁም።

ከአጥሩ ወዲህ የእኔ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ የታላቅ ወንድሜ የደምለው። አባታችን የደብረ ታቦሩን ግቢ ለሁለት ከፍሎልን ነው የሞተው። ደምለውን እወደዋለሁ። ሚስቱን ዘነቡን... እንግዲህ ምን ልበል። አጥሩ አንድ ክንድ ወደ ግቢዬ ገብቷል ትላለች ዘነቡ። የገባውስ ወደ እኔ ነው እላለሁ እኔ። ሽማግሌ ገባ፣ ሽማግሌ ወጣ፣ ጠላው ተጠጣ፣ አጥሩ ግን እዚያው ነው። ሰላምታችን ከአንገት በላይ ሆኖ ቀረ። አጋሙን ግን ሁለታችንም እንለቅመዋለን፣ እሷ ከዚያ፣ እኔ ከዚህ፣ ሳንተያይ።

በሰለ አጋሙ... እና አንድ ጠዋት፣ ገላዬን ስታጠብ፣ ሌላ አጋም አገኘሁ።

በግራ ጡቴ ላይ ነበረች፣ ከላይ በኩል፣ ከቆዳዬ ስር። ትንሽ፣ ድቡልቡል፣ ጥቁር ሰማያዊ። ስጫናት እሺ ትላለች፤ ስለቃት ትመለሳለች። አታምም፣ አታሳክክ፣ አትናገር።

አጋም ናት አልኩ። የአጋም ፍሬ።

ፈራሁ። መፍራቴን ለማንም አልተናገርኩም። ጥልፍ ነው ሥራዬ፤ ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ የሐበሻ ቀሚስ እጠልፋለሁ። የዚያን ቀን የጠለፍኩት መስቀል ተንጋደደ። ልጄ ማስተዋል አየችው፤ አባቷ ካረፈ ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን የምንኖረው፣ ፊቴንም ጥልፌንም ማንበብ ታውቃለች።

«እማ፣ ምን ሆነሻል?»

አሳየኋት። እሷ ለአጎቷ ነገረች፤ አጎቷ ለሚስቱ። ማታውኑ ከአጥሩ ማዶ የዘነቡ ድምፅ መጣ፣ ወደ እኔ ሳታይ፣ ለአየሩ የምትናገር መስላ፦

«የቋጠረ ክፉ ደም ነው! በዋግምት ይመጠጥላት!»

ቀንዱ በጡቴ ላይ ሲደፋ፣ ደሜ ወደ ቀንዱ ሲመጠጥ ታየኝ። «ክፉ ደምስ ያለው ወዲያ ማዶ ነው፣ እዚያው ይመጠጥ» አልኩ፣ እኔም ለአየሩ።

ደምለው ባሕር ዳር ሆስፒታል ወሰደኝ። ቀዝቃዛ ቅባት ቀቡኝ፤ በአልትራሳውንድ አዩኝ፤ ዶክተር ረድኤት የምትባል ቀጭን ሴት መርፌ ይዛ መጣች። «ትንሽ ይወጋል» አለችኝ። እኔ መርፌ አልፈራም፣ እንጀራዬ ነው። የፈራሁት ፊቷን ነው። ናሙና ብላ ስትስብ ደም ወጣ፤ ደም ብቻ፤ ጥቁርና ዝምተኛ ደም... እሷም ጥጥ ጫን አድርጋ ያዘችልኝ፣ ረጅም ጊዜ።

«ውጤቱ ሲደርስ እንነግርዎታለን» አለች።

ውጤቱ በደረሰ ጊዜ የሠርግ ቀሚሶች ተደርበውብኝ ነበር። «አንቺ አትድከሚ፣ እኔ አመጣዋለሁ» አለ ደምለው።

ሄደ ደምለው። መጣ ደምለው።

ሙዝ ይዞ መጣ፣ ትልቅ እስር። «ምንም አይደለም ብለዋል» አለ፣ ሙዙን እያየ።

ማንም ሌላ ነገር አላለኝም።

የእኛ ሰው ክፉ ወሬ ለመንገር አይቸኩልም። መርዶ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሌሊቱ ነግቶ፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚረዳው። ታማሚማ የበሽታዋን ስም ጭራሽ አትሰማም። ለዘመድ ይነገራል፤ ዘመድ እንደ ፍም በመዳፉ ይዞት ዝም ይላል፣ እሷ እንዳትቃጠል። ይህን አውቃለሁ። ለእናቴ እኔም እንዲሁ ይዤላታለሁ።

ስለዚህ ማየት ጀመርኩ።

ጎረቤቴ ካች አምና የወሰደችውን ወንፊት መለሰች፣ በወንፊቱ ላይ እንቁላል ጨምራ። ማንም ምንም አላለኝም።

የነፍስ አባቴ ሳልጠራቸው መጡ፤ ጸበል ረጩኝ፤ ሲወጡ ጭንቅላቴን ዳበሱኝ፣ ልጅ ሳለሁ ዳብሰውኝ የማያውቁት ሰውዬ። ማንም ምንም አላለኝም።

ማስተዋል ሳላዛት ጠረገች፣ ሳልጠይቃት ውሃ ቀዳች፤ ሌላ ጊዜ ለአንዲት እንስራ ሦስቴ የምትጠራ ልጅ። አጎቷ የነገራት ነገር እንዳለ ገባኝ። ዓይኗ ቀልቶ ሳያት «ሽንኩርት ነው» አለች። ሽንኩርት በቤት አልነበረም።

ማንም ምንም አላለኝም...

ከዚያ ዘነቡ መጣች።

በአጥሩ በኩል አይደለም፤ ዞራ፣ በበሩ በኩል፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ቅቤ በቅል ይዛ። ተቀመጠች። ቤቱን አየች፣ ጣራውን አየች፣ እግሬን አየች።

«አንጓች» አለችኝ። ስሜን ከጠራችኝ ቆይታ ነበር። «ያ አጥር... እንግዲህ ባለበት ይሁን። አንድ ክንድ መሬት ምን አላት? ላንቺ ይሁን። ብቻ ይቅር በይኝ።»

«እግዜር ይቅር ይበልሽ» አልኩ፤ ሌላ ምን ይባላል።

ጉልበቴን ስማ ወጣች። ቅቤው በመሐል ቤት ቀረ። እኔም ከቅቤው ጋር ቀረሁ።

ዘነቡ አጥሩን ከለቀቀችልኝማ፣ ሞቻለሁ ማለት ነው።

ሳቅሁ። እውነቴን ነው፣ ብቻዬን ሳቅሁ፣ እስኪያመኝ። ከዚያ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፣ ማስተዋል ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ፤ ማን ይድራታል፣ ማን ይቆጣታል፣ ጥልፍሽ ተንጋደደ የሚላት ማን ነው... መሞት አልፈለግሁም። እንዲህ ሆኜ፣ ሁሉም ሲያውቀው፣ እኔ ብቻ የራሴን ሞት ሳልሰማ መሞት ደግሞ ጭራሽ አልፈለግሁም።

ተነስቼ ወደ አጥሩ ሄድኩ። ደምለው ከማዶ እንጨት ይፈልጣል።

«ወንድም ጋሼ፣ ሐኪሟ ምን አለችህ?»

መጥረቢያው ቆመ።

«ምንም...»

«ሚስትህ አጥሩን ለቀቀችልኝ።»

ቁልቋሉ በመሐላችን ጠብ... ጠብ... ይላል። ከዚያ ወንድሜ ግንድ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«ዕጢ ነው አለች። የደም ዕጢ። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም፣ ጆሮዬ ተደፈነ። ተቀዶ ይውጣ አለች፣ ቀን ቆረጠች፣ ቀኑ አለፈ። ቢላ የነካው ዕጢ ይሰራጫል፣ አንጓች። በቢላ አላስነካሽም። ጸበል እንሄዳለን፣ በሰላም...»

በሰላም ምን እንደሆነ አልጨረሰውም።

ተናደድኩ። የራሴ ጡት፣ የራሴ ቀጠሮ! ነገር ግን እጁን አየሁት። ፍሙን ለእኔ ብሎ ይዞት መዳፉ ተቃጥሏል ወንድሜ። ስለዚህ አልጮህኩም።

«ጸበሉም ይሁን» አልኩት። «በመጀመሪያ ግን ለእኔ ይነገረኝ።»

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ከማስተዋል ጋር ወደ ባሕር ዳር ወረድኩ።

ዶክተር ረድኤት ስታየኝ ከወንበሯ ተነሳች። «ለምን ቀሩ? ስጠብቅዎ ነበር።»

«ዛሬ መጥቻለሁ፣ ዶክተር። ጉዳዩን ለእኔ ይንገሩኝ፤ ሌላ ሰው የለም፣ እኔና ልጄ ነን።»

ነገረችኝ። በዝግታ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።

«ደም ስሮች ናቸው፤ ያለ ቦታቸው ተሰብስበው የተቋጠሩ። በጡት ላይ ብዙም አናየውም፣ ብርቅ ነው። ክፉ አይመስለኝም። ችግሩ፣ እሱን የሚመስል ሌላ አለ፣ እሱ ክፉ ነው። በመርፌ የሚወጣው ቁራጭ ደግሞ ትንሽ ነው፤ በእሱ ብቻ ሁለቱን በእርግጥ መለየት አልችልም። ስለዚህ ሙሉውን አወጣዋለሁ፣ ዙሪያውን ካለው ጤናማ ሥጋ ትንሽ ጨምሬ። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ይታያል።»

«ጡቴስ?»

«ጠባሳ ይኖረዋል። ጡትዎ ግን ይቀመጣል።»

«ቢላ ሲነካው ይሰራጫል ይላሉ...»

«ይላሉ። ሰው ከመሸ ስለሚመጣብን፣ የገደለው ቢላው ይመስላል።» ቀና ብላ አየችኝ። «በዋግምት አላስመጠጡትም አይደል?»

«ኧረ አላስነካሁም።»

«ጥሩ አደረጉ። ይደማብዎት ነበር።»

ይህችን ነገር ለዘነቡ እስክነግራት ቸኮልኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ከጥልፍ ጀርባ ክር ሲቋጠር እንዲህ ነው። ከፊት በኩል ሆነው ቢያዩት አይለይም፤ ቢጎትቱት ጨርቁ ይሸበሸባል። ቋጠሮውን ቆርጦ አውጥቶ ማየት ነው። አሁንም እፈራ ነበር፣ ግን የምፈራውን ነገር አውቀው ነበር፤ ካወቁት ፍርሃት ጋር እንቅልፍ ይወስዳል።

ቀደደችኝ። አወጣችው። ሰፋችኝ።

ስነቃ ማስተዋል እጄን ይዛለች። በሩ አጠገብ፣ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ፣ አንድ ሰው ቆሟል። ማን እንደነገረው አልጠየቅሁም። «ወንድም ጋሼ» አልኩት፣ «ሙዝ አላመጣህም?» አለቀሰ፣ እንደ ቁልቋሉ፣ ድምፅ ሳያወጣ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። ጠበቅን። የሰው ቀሚስ ጠለፍኩ፣ ፈታሁ፣ መልሼ ጠለፍኩ።

ውጤቱ ደርሷል በተባልን ቀን ሦስታችንም ሄድን። ዶክተር ረድኤት በሩን ከፍታ ስም ጠራች፤ ደምለው ቀድሞ ቆመ፣ እንደ ልማዱ፣ እንደ ልማዳችን። አንድ እርምጃ ሄደ። ቆመ። ወደ እኔ ዞረ።

«ለእሷ ይንገሯት» አለ ወንድሜ። «የእሷ ነው።»

ወደ ኋላ ተመልሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። እኔ ገባሁ።

ለእኔ ነገረችኝ።

«ክፉ አይደለም። ሙሉ በሙሉ ወጥቷል፤ ጠርዙም ንጹሕ ነው። ሌላ መድኃኒት አያስፈልግዎትም። ብቻ በየዓመቱ እየመጡ ልይዎት፣ አዲስ ነገር ከዳሰሱ ደግሞ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። ድነዋል።»

ወጣሁ፣ ለልጄ ነገርኩ፣ ለወንድሜ ነገርኩ። እኔ ነኝ የነገርኳቸው፣ በራሴ አፍ። ደምለው «ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት።

እቤት ስንደርስ ዘነቡ እልል አለች፣ ዶሮ አረደች፣ በራሷ ቅቤ። ስለ ዋግምቱ ነገርኳት። «እኔ መቼ አልኩ!» አለች። ስለ አጥሩ ግን ምንም አላለችም። በሚቀጥለው ሳምንትም ምንም አላለችም። ለስላሳ ነበረች፤ ስታየኝ ትሽኮረመማለች፣ ጎመን ትልክልኛለች። በየማለዳው ጠባሳዬን ስዳብስ፣ ዘነቡ ጎመን እየላከች፣ ጥርጣሬ ገባኝ። የደበቁኝ ነገር ይኖር ይሆን? ለእኔ የነገረችኝ አንዱን፣ ለደምለው የነገረችው ሌላ ቢሆንስ? የለመደ ልብ አያምንም።

ክረምቱ ገባ። ክረምቱ ወጣ።

ቀላ... ከዚያ ጠቆረ... ከዚያ በሰለ አጋሙ።

አንድ ጠዋት ሰፌዴን ይዤ ወደ አጥሩ ወጣሁ። ለቀምኩ፣ አንድ፣ አንድ... ክንዴን በእሾሁ መሐል አሳልፌ ወዲያ ያለውን አንድ ዘለላ ሳብ ሳደርግ፣ ከማዶ ድምፅ ተነሳ፦

«እንዴት ነው ነገሩ! ይሄ አጋም እኮ የእኔ ነው! አጥሩ አንድ ክንድ ገብቶብኝ ዝም ብል፣ ጭራሽ እጇን ትሰድልኛለች? ሰው ሲምሩት አይገባውም? መሬቴን ትመልስልኝ፣ ሽማግሌ ይጠራ!»

ሰፌዱ ከእጄ ወደቀ።

ሐኪሟ ድነዋል ስትለኝ በጆሮዬ ሰማሁት። ያመንኩት ግን ዘነቡ አንድ ክንዷን መልሳ ስትጠይቀኝ ነው።

«የገባሽውስ አንቺ!» ብዬ ጮህኩ፣ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ፣ ደስ እያለኝ፣ እንባዬ እየወረደ። «ይጠራ ሽማግሌ! ጠላውን እኔ እጠምቃለሁ!»

ከዚያ ማዶ የደምለው ሳቅ ተሰማ። ዘነቡ ዞር ብላ እሱንም ጨምራ ሰደበችው።

ነፋስ መጣ፤ አጋሙ ተወዛወዘ፤ ቁልቋሉ ወተቱን አወረደ፣ ጠብ... ጠብ... አንዲት ጥቁር ፍሬ ከሣሩ ላይ አነሳሁ፣ በቀሚሴ ጠረግኋት።

አጋም ናት። የአጋም ፍሬ።

በላኋት።