የተቀቀለው ዳሌ

ዳሌው ተቀቀለ። የተቀቀለው የአባቷ ዳሌ ሳይሆን ቅጂው ነው፤ እሷ ራሷ ከሲቲ ስካኑ ምስል ተነስታ፣ ስብርባሪውን በኮምፒውተር ገጣጥማ በፕላስቲክ ያተመችው። የሆስፒታሉ ሥሪ ዲ ፕሪንተር ምድር ቤት ነው ያለው። ኃላፊውም ሠራተኛውም አቧራ ጠራጊውም እሷ ናት።

አባትየው መኪና መንዳት ያስተምራል። የት ላይ መቆም እንዳለባት ለአንዲት ተማሪ ሊያሳይ ራሱ መኪናው ፊት ሄዶ ቆመ። ተማሪዋም ቆመች፤ እሱን አልፋ። የቀኝ ጭኑ አጥንት የሚሽከረከርበት የዳሌው ጎድጓዳ እንደ ወደቀ ሸክላ ተንኮታኮተ። እሱ ግን ለጠያቂው ሁሉ፣ "መሪ አያያዟ የሚያስቀና ነው" ይላል።

ቅጂው የታተመው ሐኪሙ አጥንቱን የሚይዘውን ብረት አስቀድሞ በላዩ ላይ እንዲያጎብጥበት ነው። "እንፋሎት እንዳያገኘው፣ ይኮማተራል" ብላ ስታስረክበው ነግራው ነበር። ሐኪሙም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ሐኪሙ ለሁሉም ነገር ራሱን ይነቀንቃል።

ጠዋት መዘጋጃው ክፍል ስትገባ ሐኪሙ ብረቱን አጎብጦ ጨርሶ፣ ቅጂው ላይ ያስቀምጣል፣ ያነሳል፣ ደግሞ ያስቀምጣል።

"ነይ እስኪ ጉድ እዪ! ልክክ አላለም?"

አየችው። የጎድጓዳው ከንፈር ወደ ውስጥ ሸፈፍ ብሏል።

"ይሄ ነገር የት ነበር ያደረው?"

"እኔ ዘንድ" አሉ ከጀርባው የቆሙት፣ የሕክምና ዕቃ ከጀርም የሚጸዳበት ማምከኛ ኃላፊ፣ ሆስፒታሉ በሙሉ እትዬ እንፋሎት የሚላቸው። "ሳይቀቀል ኦፕራሲዮን ክፍል ከሚገባ ሞቼ ልገኝ።"

"እትዬ፣ ፕላስቲክ እኮ ነው!"

"ማን ነገረኝ? የአባትሽ አጥንት ነው ብለው ሰጡኝ፤ በክብር ቀቀልኩት።"

ከኪሷ ስፋት መለኪያውን ካሊፐር አወጣች። እትዬ እንፋሎት ያልተቀቀለውን ካሊፐር ሲያዩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለካችና ስልኳ ላይ ካለው ምስል ጋር አስተያየችው።

"አራት ሚሊ ሜትር ጠቧል።"

"አራት ሚሊ ሜትር!" ሐኪሙ ሳቀ። "አንቺ ልጅ፣ እኔ ከጢሜ ላይ ከዚያ የበለጠ እቆርጣለሁ።"

"በጢምዎ አይራመዱም። ብረቱን ሲያጠብቁት አጥንቱን ወደዚህ ጠማማ ቅርጽ ይጎትተዋል። ዕድሜ ልኩን ያነክሳል።"

የሚያነክስ የመንዳት አስተማሪ ደግሞ ፍሬኑ ጋ የሚደርሰው ከአደጋው በኋላ ነው።

"ውስጥ ገብቼ በእጄ አስተካክለዋለሁ። ስንቱን ያለ አሻንጉሊት ጠግኛለሁ!"

"ስንቱ ያነክሳል?"

ሐኪሙ ይህን አልሰማም።

"ዛሬ ካለፈ ኦፕራሲዮን ክፍሉን ባዶ የማገኘው በሳምንቱ ነው። እስከዚያ አጥንቱ እንደ ተሰበረ መግጠም ይጀምራል፤ ያን ጊዜ እኔም አልችለው።"

"ጎድጓዳውን ብቻ አትሜ ነገ ጠዋት አመጣለሁ። ነገ ክፍሉ የእርስዎ ነው።"

"ነገማ የሆስፒታሉ አስተዳዳሪ ጉልበት ነው የሚሠራው።"

"የአስተዳዳሪው ጉልበት ሲያመው ኖሯል፤ ልምድ አለው። ይታገሣል።"

"ለአስተዳዳሪው ማን ይነግረዋል?"

ከኮሪደሩ፣ ተሽከርካሪ አልጋ ላይ ተኝቶ የሚጠብቀው አባቷ ተጣራ። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

"ምንድን ነው ጭቅጭቁ? አስገቡኝ እንጂ! በረሃብ ልሙት?"

"አባዬ፣ ዛሬ አትገባም። ዳሌህን ቀቀሉት።"

"የቱን?"

"የታተመውን።"

"እሱን ምን ያመዋል! እኔን አስገቡኝ!"

"ይኸው፣ ባለቤቱ ፈቀደ" አለ ሐኪሙና እጁን ወደ ብረቱ ሰደደ። እሷ ቀደመችው። አነሳችና ካሊፐሩ ያለበት ኪስ ውስጥ ከተተችው።

"በዚያ መጠን ያለን ብረት እሱ ብቻ ነው!"

"አውቃለሁ።"

"ኧረ በሕግ! ያመከንኩትን ብረት ኪሷ ከተተችው!" እትዬ እንፋሎት ራሳቸውን ያዙ።

"ነገ በአዲሱ ቅጂ ላይ ይስተካከልና እንደ ልብዎ ይቀቅሉታል፤ ብረት እንፋሎት ይችላል።"

"አንቺ፣ ከሥራ ትባረሪያለሽ" አለ ሐኪሙ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ ሳይሆን ምክር ነበር።

"ከነገ በኋላ ያባሩኝ፤ ፕሪንተሩን የሚያስነሳው ሌላ ሰው የለም። ለአስተዳዳሪው እኔ ራሴ እነግረዋለሁ፤ ወደ ምድር ቤት ስወርድ ቢሮው መንገዴ ላይ ነው።"

ሐኪሙ ጓንቱን አወለቀ።

"ልጄ፣ ምን ተባለ?" አለ አባቷ ከውጭ።

"ምሳ ብላ ተብሏል" አለችና ወጥታ በሩን ዘጋችው።