ድንቢጥ የገባበት ዜማ

ቡዚድ አረዝቂን የሰደበው ረመዳን ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ሐጂ ሚሉድ ቡና ቤት በር ላይ ነው። አረዝቂ የተቀመጠባትን ወንበር እንኳ አይረሳትም፤ አንድ እግሯ አጭር ነበረች። ቡዚድ የዶሚኖውን ጠጠር ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጎ አሳረፈና ሰው ሁሉ እንዲሰማው፣

«አረዝቂ ጡረታ ወጣ ትላላችሁ እንዴ? ወደቡ ነው እንጂ ከአረዝቂ ጡረታ የወጣው!» አለ።

ሰው ሳቀ። የሌላው ሰው ሳቅስ ባልከፋ። ሐጂ ሚሉድ፣ ልጁን ሲድር አረዝቂ ቀኑን ሙሉ ወንበር ሲሸከምለት የዋለው ሰውዬ፣ እሱም ትሪውን እንደያዘ ሳቀ።

መልስ አልመጣለትም። የመጣለት ቤቱ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ ነው። ዕድሜ ልኩን እንዲሁ ነው፤ ስድቡ ወዲያው ይገባዋል፣ መልሱ ግን ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ ነው የሚደርስለት።

ቡዚድ አልጀርስ ወደብ ላይ የፈረቃ አለቃው ነበር። አዲሱ ክሬን የመጣ ጊዜ አረዝቂን አልፎ ለሚስቱ ወንድም የሰጠ ሰው ነው። ወንድምዬው ያኔ ገና ማርሽ ከፍሬን አይለይም ነበር። አረዝቂ በአሮጌው ክሬን ላይ እየተንቀጠቀጠ ቀረ፤ ወገቡ እምቢ ሲለው ዕድሜው ሳይደርስ፣ ከአበሉ የሚቆረጥበት ተቆርጦበት ወጣ። ቡዚድ ደግሞ ስድሳውን ደፍኖ፣ ኬክ ተቆርሶለት፣ ፎቶ ተነሥቶ ወጣ።

ግን እውነት ለመናገር ጡረታው ለአረዝቂ ተስማምቶታል። ጠዋት የሚቀሰቅሰው ሳይረን የለም። ዳቦ ቤት ወርዶ ትኩሱን በብብቱ ይዞ ይመለሳል፤ ጫፉን መንገድ ላይ ገምጦ ሚስቱ ወርዲያ ሁልጊዜ «አይጥ በላው?» ትለዋለች። የሰርዲን ሻጩ ጋሪ ከታች ሲጮህ ራሱ ወርዶ፣ ዓይኑ የጠራውን እየለየ ይመርጣል። ከምሳ በኋላ በሙቀት ጊዜ ጥላዋን፣ በብርድ ጊዜ ፀሐይዋን እየተከተለ በረንዳው ላይ ወንበሩን ያዞራል፤ ሥራው ይኸው ነው። ከማዶ መርከቦች ተራ ይጠብቃሉ። ድሮ መርከብ ሲያይ የሚታየው ጭነቱ ነበር፤ አሁን ቀለሙን ያያል።

ከሁሉ በላይ ግን ወፉ ነበረው። ፊቱ ቀይ፣ ክንፉ ላይ ቢጫ ያረፈበት፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ፣ መቅኒን የሚሉት ዘማሪ ወፍ ነው። ጎረቤት ገና ላባው ሳይሞላ ሰጠው። በዚያ ሰፈር መቅኒን የሚያሳድግ ወንድ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ፤ ወፉ የመጀመሪያው ብርድ እስኪያልፍለት የሰማውን ሁሉ ይይዛል። ደህና ዜማ ከሰማ ደህና ዘማሪ ይወጣዋል። ድንቢጥ ከሰማ ዜማው ውስጥ ድንቢጥ ይገባበታል፤ አንዴ የገባ ድንቢጥ ደግሞ አይወጣም። ስለዚህ አረዝቂ ድንቢጥ በረንዳው ላይ ባረፈ ቁጥር እየሮጠ ያባርራል፤ ጠዋት ጠዋት ከሽቦው ጎጆ አጠገብ ተቀምጦ ጥሩውን ዜማ በአፉ ያፏጭለታል።

«አንተ ሰውዬ፣» አለችው ወርዲያ አንድ ቀን፣ «ለእኔ እኮ ስታጨኝ እንኳ አላፏጨህልኝም።»

«አንቺ መቼ ዝም ብለሽ ሰማሽኝ?»

ወፉ ያዘለት። መጀመሪያ በጉሮሮው ውስጥ ያጉተመትም ነበር፤ በኋላ ድምፁ ጠራ፤ ከላይ ጀምሮ እየተንከባለለ ይወርድና መጨረሻው ላይ እንደ ውሃ ጠብታ ያርፋል። አረዝቂ ዳቦውን እያኘከ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። በዚያ ሰዓት ቡዚድ የሚባል ሰው መኖሩን ይረሳል።

ታዲያ ለዘለቄታው አይረሳም። ዶሚኖ ሲንኳኳ በሰማ ቁጥር ያቺ ነገር ትመለሳለች። ዓመቱ ሊሞላ ሲል በልቡ አንድ ነገር ቆረጠ። ቡዚድም መቅኒን ገዝቶ በየዓርቡ ቡና ቤት በር ላይ እየሰቀለ ይኮራል አሉ። እንግዲያው የእሱን አምጥቶ ከጎኑ ይሰቅላል። ወፉ ይመልስለታል።

«ብርዱ ሳያልፍ?» አለች ወርዲያ ነጩን ጨርቅ ጎጆው ላይ ሲያለብስ አይታ። «ገና ልጅ አይደለም እንዴ? አንተው አይደለህ እንዴ መስኮት እንኳ የምታዘጋኝ?»

«ለአንድ ከሰዓት ነው።»

«የምታወጣው ወፉን አይደለም፤ እኔ አውቃለሁ።»

ጎጆውን አንሥቶ ወጣ።

ቡና ቤቱ ከዓርብ ሶላት በመጡ ሰዎች ሞልቷል። ሐጂ ሚሉድ በአክብሮት ሰላምታ፣ «አህለን ሲ አረዝቂ! ዛሬ ከየት ተገኘህ!» ብሎ ሚስማር አሳየው። ሰቀለ፤ ጨርቁን ገለጠ። ወፉ ሰዉን አየ፤ ላባውን ሰብስቦ እንጨቱ ላይ ቁጢጥ አለ። ዝም።

ቡዚድ ወንበሩን አዞረ። «ምነው አይናገርም? እሱም ዕድሜው ሳይደርስ ጡረታ ወጣ?»

ሳቁ እንደዚያን ቀን ነበር። የአረዝቂ ጆሮ ጋለ። ያን ጊዜ የቡዚድ ወፍ፣ በነሐስ ያጌጠው ጎጆ ውስጥ ያለው፣ አንገቱን አቅንቶ ጀመረ። አጀማመሩ ደህና ነበር። መሐል ላይ ሲደርስ ግን፣ ጭር! ጭር! ጭር!

ድንቢጥ። የለየለት የጣራ ድንቢጥ። አረዝቂ ዙሪያውን አየ፤ ሐጂ ሚሉድ ጣራውን ያያል፣ ሌላው ስኳሩን ያማስላል። ሁሉም ያውቃል፤ ድንቢጥ የገባበትን ወፍ ባለቤቱ ሰው መሐል አያመጣም፣ ካመጣም ሌላ ጫጩት ሲያይ ይሸፍናል። ለቡዚድ ግን ማን ደፍሮ ይንገረው?

በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱ በሰዓቱ መጣለት። ተሰንዳ፣ ተስላ፣ ምላሱ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ «ቡዚድ፣ አንተ ዘንድ እኮ ድንቢጥም በዝምድና ይቀጠራል!» ቡና ቤቱ በሳቅ እንደሚፈርስ፣ የሚስቱ ወንድም ታሪክ እንደገና እንደሚነሣ፣ ሐጂ ሚሉድ ትሪውን እንደሚጥል ታየው። አፉን ሊከፍት ወደ ወፉ ዞረ፤ የእኔም ይስማ ያለ ይመስል።

ወፉ እየሰማ ነበር። አንገቱን ወደ ነሐሱ ጎጆ ሰበር አድርጎ ቆሟል። ደረቱ ላይ ያለችው ላባ ትንቀጠቀጣለች። አረዝቂ ጆሮውን አስጠጋ። ከጉሮሮው ውስጥ፣ ገና ድምፅ ሳይሆን፣ ጭር... ጭር...

የቡዚድ ወፍ እንደገና ጀመረ።

አንድ ቃል ከተናገረ ሳቁን ሳያይ አይሄድም፤ ራሱን ያውቃል። ከቆመ ቡዚድ ይመልሳል፣ እሱም ይመልሳል፣ አመሻሹ እዚያው ነው። ጨርቁ ደግሞ ዓይን እንጂ ጆሮ አይሸፍንም።

ጨርቁን አወረደ፤ ጎጆውን ከሚስማሩ ነቀለ።

«ወዴት ነው?» አለ ቡዚድ። «ገና ሻይ ሳይቀርብ! አላልኳችሁም? ወደቡንም እንዲሁ ነው ጥሎ የሮጠው!»

«ሲ አረዝቂ፣ አንድ ቃል እንኳ ሳትመልስለት?» አለ ሐጂ ሚሉድ፤ እየሳቀ ይሁን እያዘነ አይታወቅም።

አረዝቂ ጎጆውን በደረቱ አቅፎ ጀርባውን ለቡና ቤቱ ሰጠ። መልሷ ምላሱ ላይ እንዳለች ቁልቁለቱን ተያያዘው። ማዕዘኑን ሳይዞር አፉን ወደ ጨርቁ ዝቅ አደረገና ጥሩውን ዜማ፣ ከላይ ተንከባሎ የሚወርደውን፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቀስ ብሎ ያፏጭለት ጀመር።