ሌባዬ ዕዳውን ሲከፍል

የስፌት መኪናዬን የሰረቀኝ ቧንቧ ሊጠግን የመጣ ሰው ነው። ቧንቧውን ግን፣ ሐቁን ልናገር፣ አሳምሮ ጠግኖታል። ሲያዝ መኪናዋ ተሸጣ ገንዘቧ ተበልቶ ስለነበር፣ ዳኛው ዋጋዋን በየወሩ እየቆራረጠ እንዲከፍለኝ ፈረደበት። ባንክ መሰለፍ አልችልም ስላልኩ ቤቴ ድረስ ያመጣል።

መጀመሪያ የመጣ ቀን በር ላይ አቁሜ የስድብ መዓት አወረድኩበት። ዐይኑን በጨው ያጠበ፣ የእናት ጡት ነካሽ፣ ያላልኩት የለም። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ሲደክመኝ "በል ግባ፣ ውሃ ጠጣ" አልኩት። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያን ያህል ያዳመጠኝ ሰው አልነበረም።

በሚቀጥለው ወር ሻይ አፈላሁ። ከዚያማ የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ቤቱን መጥረግ፣ ፀጉሬን ማበጠር ጀመርኩ። ይሳቅብኝ! ሰው ሌባውን ይናፍቃል? እኔ ናፈቅሁ። እሱ የሚስቱን ኩርፊያ ያወራኛል፣ እኔ የድሮ ደንበኞቼን አማለሁ። "ሌባዬ" ስለው እንኳ መሳቅ ለምዶ ነበር።

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ለዕቃው ሁሉ ኢንሹራንስ የሚገባ ሰው ነበር። ኢንሹራንሱም እንደ ኤሊ ሲሳብ ከርሞ አንዲት ልጅ ላከ።

"እንኳን ደስ አለዎት እማማ! የቀረውን በሙሉ እኛ እንከፍልዎታለን። ከዚህ በኋላ እሱ ለእኛ በባንክ ያስገባል።"

"እዚህስ አይመጣም?"

"እዚህ ምን ሊሠራ? የሌባ ፊት ከማየት ተገላገሉ።"

"ይቅርብኝ።"

"እማማ፣ በዚህ ገንዘብ እኮ ነገውኑ አዲስ መኪና ይገዛሉ!"

"ይቅርብኝ አልኩሽ እኮ፣ ልጄ።"

የሆዴን ለማን እነግራለሁ? ሴት ልጄ በስልክ ስትሰማ "እማዬ፣ ጤነኛ ነሽ?" አለችኝና ሥራ ስላለባት መልሴን ሳትሰማ ዘጋችው። መኪና የሌላት ልብስ ሰፊ ምን ትሠራለች? እጄን አጣጥፌ የወሩን መጨረሻ መጠበቅ ሆነ ሥራዬ።

ያን ወር ሌባዬ ቀኑ ሳይደርስ መጣ። ፊቱ በርቷል።

"እማማ፣ ደስ ይበልዎት! ትልቅ ሕንፃ ላይ ሥራ አገኘሁ፤ ቅድሚያ ክፍያም ሰጡኝ። ይኸው፣ ዕዳዬን ጨረስኩ። ከእንግዲህ አላስቸግርዎትም።"

"ማን አስቸገርከኝ አለህ? ቁጭ በል፣ ሻይ ልጣድ።"

"ሚስቴ ታች እየጠበቀችኝ ነው።" ለፍርድ ቤት የሚያስገባውን ወረቀት ከኪሱ አወጣ። "ከፍሎ ጨርሷል ብለው እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።"



"መነጽሬ ጠፍቶብኛል። ነገ ተመለስ።"

ቀና ብሎ ፊቴን አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"እማማ፣ አድርገውታል እኮ" አለኝ።

ፈረምኩለት።