የቤተ መጻሕፍቱ ወንበሮች

«የኋላውን ረድፍ ወደ ጥላው ሳቡት፤ ሽማግሌ ፀሐይ ላይ አይቀመጥም» አሉ ጋሽ ሽመክት የድንኳኑ በር ላይ ቆመው። የእድሩ ንብረት ያዥ ናቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ የዚያን የቡራዩ ሰፈር ሞት በወንበርና በድስት ሲያስተናግዱ ስለኖሩ፣ ለቅሶ ቤት ሲገቡ ከሐዘንተኛው በፊት የሚያዩት የወንበሩን እግር ነው።

መብሩካ ከሳሎኑ በር አጠገብ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ሰው እየመጣ «አላህ ይራህመው» ይላታል፣ «አሚን» ትላለች። ሌላው «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል፣ ለእሱም «አሚን» ትላለች። ዓይኗ ግን ወንበሮቹ ላይ ነው። ስልሳ ናቸው፣ ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ ጀርባቸው ላይ የእድሩ ስም በቀይ ቀለም የተጻፈባቸው። ባሏ ሰላሃዲን ስምንት ዓመት ሙሉ የተጨቃጨቀባቸው ወንበሮች ናቸው። ሐሙስ ተቀበረ፣ ዛሬ ዓርብ ነው፤ ወንበሮቹ አንድም ሳይቀሩ ለእሱ ለቅሶ መጥተዋል።

የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት የራሱ ቤት የለውም። እድሩ አዳራሹን ሲፈቅድለት ወንበሮቹንም አብሮ ፈቀደለት፤ ታዲያ ሰው ከሞተ ወንበሮቹ ወደ ለቅሶ ቤት ሄደው ሦስት ቀን ይቆያሉ። ሰው ደግሞ መሞቱን አይተውም። በዚያ ሰፈር አንድ ሰው በሞተ ቁጥር አንባቢ ሁሉ ካርቶን አንጥፎ ሲሚንቶ ላይ ይቀመጣል። ሰላሃዲን የክርና የልብስ ቁልፍ ሱቃቸውን ለመብሩካ ጥሎላት ያለ ደመወዝ ሲያገለግል የኖረው እዚያ ነው። «ሰውዬሽ ሌላ ሚስት አገባ፤ ግድግዳዋ ግን ኖራ ይፈልጋል» እያሉ ደንበኞቿ ይቀልዱባት ነበር። እሷም ትስቃለች። በስምንት ዓመት ውስጥ ግን አንድ ቀን እንኳ ሄዳ አላየችውም። ሱቁን ማን ይጠብቅ?

ወሬው ግን ሱቋ ድረስ ይመጣላት ነበር። ሰኞ ሰኞ ሰላሃዲን የአዳራሹ በር ላይ ጥቁር ሰሌዳ ያቆማል፤ የሳምንቱን መጽሐፍ ይጽፍና ከሥሩ ለማን እንደሚሆን ይጨምራል። «ከአማቷ ጋር ለምትኖር።» «ጥርሱን ለሚያመው።» «ሚኒባስ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ለሚቆም።» መጽሐፉን የማይፈልገው እንኳ ሰሌዳውን ለማየት መንገዱን ያዞራል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ «ለአገሩ ሁሉ መጽሐፍ ታዛለህ፣ ለእኔስ?» አለችው።

«ለአንቺ አንድ አለኝ።»

«ታዲያ አምጣዋ።»

«አላመጣም። መጥተሽ ትወስጃለሽ።»

እሷም «ተወው እንግዲህ» ብላ ሳህኑን አነሳች። ዛሬ ያቺን ሳህን ማንሳቷ ሳይቀር ይቆጫታል።

ከሰዓት በኋላ አዴ ዱርሲቱ በከዘራቸው እየተደገፉ ገቡ። ጎረቤት ናቸው፤ ጉልበታቸው መሬት ስለማያስቀምጣቸው የመብሩካ ልጅ ሚንሃ ወንበር አቀረበችላቸው።

«ረቢ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ ፈጣሪ ያበርታሽ፣ ልጄ» አሉ መብሩካን እጇን ይዘው። «እኔ ቀረሁ፣ እሱ ሄደ። ምን ይባላል?»

«ምንም አይባል፣ አዴ።»

«ገመዴን ወስዶብኛል እኮ፣ ታውቂያለሽ? ከገፈርሳ ማዶ ሠላሳ ዓመት የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከምኩበትን መጫኛ። ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ልጄ ሳቀብኝ። እሱ ግን፣ ‹ቅዳሜ ቆመው ስለዚህ ገመድ ይነግሩናል› አለኝ። እኔ ምን አውቄ እናገራለሁ ስለው፣ ‹ጀርባዎ ያውቃል› አለኝ።» አሮጊቷ የመብሩካን እጅ ለቀቁና፣ «ሦስት ጊዜ ገላዬን ታጥቤ ቀረሁ» አሉ።

መብሩካ ሦስቱንም ታውቃቸዋለች። ሰላሃዲን «የቡራዩ እጆች» ብሎ የሰየመው ዐውደ ርእይ ነው፤ የሰፈሩ ሰው እንጀራ የበላበትን ዕቃ ሰብስቦ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ ሊነበብ የሚችል መጽሐፍ አስቀምጦ፣ ባለቤቱ ቆሞ እንዲናገር። ቀን ተቆረጠ፣ ሰው ሞተ፣ ወንበሩ ሄደ። እንደገና ተቆረጠ፣ እንደገና ሰው ሞተ። ሦስተኛው ላይ ሰላሃዲን ትዕግሥቱ አለቀ። የሰፈሩ ባለ ሥጋ ቤት እናት ለቅሶ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ፣ ሽማግሌዎቹ ገና ሳይነሡ፣ ጋሪ አስጎትቶ ድንኳኑ በር ላይ ቆመና «ሃያ ወንበር ብቻ ስጡኝ» አለ።

ቡራዩ ያን ሰሞን ሌላ ወሬ አልነበራትም። ዚፕ ልትገዛ የመጣች ሁሉ መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ጋሪው ሆነ። መብሩካ ከሱቋ ጓሮ ተደብቃ መዋል ጀመረች። ሰላሃዲን በእድሩ ፊት ይቅርታ ጠይቆ የመጣ ቀን፣ ምሳውን አቅርባለት ሳትቀመጥ፣ «አንተ ስትሞት ሰው መጥቶ የሚቀመጥልህ እንዳይመስልህ» አለችው።

የቆረሰውን እንጀራ ሳይጎርስ ያዘው። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። ከዚያ በላ፣ ሻይም ጠየቃት። አራተኛው ቀን ሲቆረጥ ያን ቃሏን ለመጠገን ብላ፣ «ቅዳሜ ሱቁን ዘግቼ እመጣለሁ» አለችው። ፊቱ በራ። ረቡዕ ከሰዓት ከአዳራሹ ደረቱን ይዞ መጣ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርስ መኪና ውስጥ አረፈ።

አሁን ድንኳኑ ሞልቷል፤ የቆመም አለ። ያ ሁሉ ሰው ለሰላሃዲን ተቀምጦለታል። መብሩካ ታፍራለች። ከሐዘኑ ይልቅ እፍረቱ ይከብዳታል።

አመሻሹ ላይ ዕድላዊት መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፣ የመብሩካ የክር ደንበኛ፤ በቤተ መጻሕፍቱ ከሰላሃዲን ጋር የምታገለግልም እሷው ነበረች። ሚንሃ አጠገብ ቁጭ ብላ በሹክሹክታ፣ «የነገውን ሰርዘነዋል። ማስታወቂያ እለጥፋለሁ» ስትል መብሩካ ሰማቻት።

«ምኑን ነው የሰረዛችሁት?»

ዕድላዊት ደነገጠች። «ዐውደ ርእዩን ነው፣ እትዬ። እንዴት አድርገን? እሳቸው ሳይኖሩ። ወንበሩም እዚህ ነው።»

«ለመቼ አዛወራችሁት?»

«እንጃ። ዕቃችን ይመለስልን የሚሉ ሰዎች አሉ። አንዳንዶቹ ከእንግዲህ አናውስም ብለዋል።»

መብሩካ ጥቂት አሰበችና ሌላ ጥያቄ ጠየቀቻት። «ለእኔ ያስቀመጠው መጽሐፍ ነበር። የቱ እንደሆነ ነግሮሻል?»

«አልነገሩኝም። መሳቢያቸውንም አይቻለሁ፣ ስምዎ ያለበት ነገር የለም።» ዕድላዊት ዓይኗ እንባ ሞላ። «ለእኔ ስለ ከዋክብት የሚያወራ ነበር የሰጡኝ። ‹አጎንብሰሽ ነው የምትውይው፣ ቀና በይ› ብለው።»

መብሩካ አንገቷን ደፋች። እሷስ አጎንብሳ አልነበር የዋለችው? ወይስ ለእሷ ሌላ ነገር አይቶላት ነበር? ሠላሳ አራት ዓመት አብሯት የኖረ ሰው ምን እንዳየባት ሳትሰማ ቀረች፤ ከእንግዲህም የሚነግራት የለም። ያኔ አለቀሰች፣ ከሐሙስ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥታ።

ስታበቃ ፊቷን ጠርጋ ጋሽ ሽመክትን አስጠራች።

«ዐውደ ርእዩ አይቀርም። ወንበሮቹ ነገ በስምንት ሰዓት አዳራሹ እንዲገኙ እፈልጋለሁ።»

ጋሽ ሽመክት ሚንሃን አዩ፣ ሚንሃ እናቷን አየች።

«እማ፣ ነገ እኮ ሦስተኛው ቀን ነው» አለች ሚንሃ። «ሰው እስከ ማታ ይመጣል።»

«ይምጣ። ምንጣፍ አለ።»

ከሱሉልታ የመጡት የሰላሃዲን ታላቅ ወንድም አብዶ ከድንኳኑ ሰምተው ተነሡ። «በወንድሜ ለቅሶ ላይ ሰው መሬት ሊቀመጥ ነው? ሰው ምን ይላል፣ መብሩካ?»

«የሚለውን ይበል፣ ጋሽ አብዶ። ሰው ምን ይላል ስል ነው የኖርኩት።»

«እኔ እከለክላለሁ።»

«አይችሉም» አሉ ጋሽ ሽመክት ዝግ ብለው። «እኔም አልችልም። የእድሩ ሕግ አንድ ነው። ሦስተኛው ቀን ሳያልቅ ወንበር የሚነሣው ሐዘንተኛዋ ራሷ በእድሩ ሰዎች ፊት ‹ሐዘናችን በቅቶናል፣ ዕቃችሁን ውሰዱ› ስትል ብቻ ነው። ቃሉን እሷ ካላለችው አንድም ወንበር አይነቃነቅም።» ወደ መብሩካ ዞሩ። «በሃያ ዓመት ውስጥ ያለው ሰው የለም፣ ልጄ። እስከ ነገ አስቢበት።»

አብዶ ከዚያ በኋላ አላናገሯትም።

መብሩካ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻለችም። ሰው አይቀመጥልህም ያለችው እሷ ናት፤ አሁን የተቀመጠውን ሰው የምታስነሣው ደግሞ እሷው ልትሆን ነው። ሰላሃዲን ቢሰማ ምን ይላት ነበር? ደስ ይለዋል ብላ ታስባለች፣ ግን እርግጠኛ አይደለችም። የሞተ ሰው ይቅር አይልም፣ አይቆጣምም። ያን ያህል ነው የምታውቀው።

ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ አራት የእድሩ ሰዎች ግቢው መሐል ቆሙ። ድንኳኑ ጢም ብሏል። መብሩካ ከፍራሹ ተነሥታ ወጣች። ሚንሃ ክንዷን ያዘች።

«እማ፣ ዐውደ ርእዩን እንደሆነ አንቺ አታዪውም» አለቻት ቀስ ብላ። «ለማን ብለሽ ነው?»

እውነቷን ነው። ባሏ የሞተባት ሴት አራት ወር ከአሥር ቀን ቤቷ ትቆያለች። መብሩካ ከዚህ ደጅ ስትወጣ የአዴ ዱርሲቱ መጫኛ ከግድግዳ ከወረደ ቆይቶ ይሆናል፤ በስምንት ዓመት ያልሄደችበት ቦታ አሁን መሄድ በፈለገችበት ቀን ተዘጋባት። ክንዷን ከሚንሃ አስለቅቃ ወደ እድሩ ሰዎች ዞረች።

«እየሰማን ነው» አሉ ጋሽ ሽመክት።

አፏን ከፈተች፣ ቃሉ አልወጣ አላት። በቅቶናል። ምኑ ነው የበቃት? ገና ጠዋት ሁለት ብርጭቆ ሻይ ቀድታ አንዱን መልሳ ደፍታዋለች። የሰላሃዲን ጫማ ገና ደጅ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይጠብቃታል። አልበቃትም፣ አይበቃትምም፤ ይህን እያወቀች ነው የምትለው።

«ሐዘናችን…» አለችና ቆመች። ትንፋሿን ሳበች። «ሐዘናችን በቅቶናል። ዕቃችሁን ውሰዱ።»

ጋሽ ሽመክት ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ መጀመሪያ የተነሡት አዴ ዱርሲቱ ሆኑ፤ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆሙና በኦሮምኛ «እንሂድ» አሉ። ባለ ሥጋ ቤቱ ወንበሩን ሊያጣጥፈው ሞክሮ እንደማይታጠፍ ሲያውቅ በጭንቅላቱ ተሸከመው። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። ጋሪ አላስፈለገም፤ ለቀስተኛው ሁሉ የተቀመጠበትን ወንበር ይዞ ወጣ። ሰማያዊ ወንበሮች በአስፋልቱ ዳር ተሰልፈው ሲሄዱ ሚኒባሶቹ ፍጥነት ቀንሰው አሳለፏቸው።

አብዶ ድንኳኑ ውስጥ ብቻቸውን ቀሩ። ቆይተው ጫማቸውን አወለቁና ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

አንድ ወንበር ቀርታ ነበር፣ የአዴ ዱርሲቱ። መብሩካ ራሷ አንሥታ ወደ አጥር በሩ ሄደች። ደፉ ጋ ስትደርስ እግሯን ሰበሰበች፤ ከዚያ አያልፍም። ከደፉ ማዶ ጋሽ ሽመክት ቆመው ይጠብቃሉ። መብሩካ ወንበሯን መሬት አስቀምጣ መቀመጫውን በመዳፏ ጠረገችው፣ እንግዳ ቤት ሲገባ እንደሚደረገው። ከዚያ አንሥታ በደፉ ላይ አሳልፋ ሰጠቻቸው።

ጋሽ ሽመክት በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። መብሩካ አንድ እጇን ለቀቀች። ሌላኛውን ለመልቀቅ ግን ቆየች፤ ጋሽ ሽመክትም አልሳቡም።