የሪድዋን ፈተና

ሪድዋን ስድስተኛዋን እንጨት በአምስቱ ላይ ጭኖ እጁን ሰበሰበ። ክምሩ አልፈረሰም። ሲስተር ሰርካለም ገና "ኩባያውን..." ከማለቷ ኩባያውን አንስቶ ሰጣት።

"ሳልጨርስ እኮ ነው! ማሻ አላህ በይ እንጂ፣ ዓዲላ!"

"ማሻ አላህ" አለች እናቱ።

ልጁ ወደሷ ዞሮ አፉን ከፈተ። ቤት ውስጥ አንድ ነገር በትክክል በሠራ ቁጥር ተምር ታጎርሰዋለች። ነርሷ የራበው መስሏት ሳቀች።

"ኮቱ፣ ና የኔ ጌታ" ብላ ዓዲላ ቶሎ ወደ ጉያዋ ሳበችው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሪድዋንን አርግዛ ገና ሰባት ወሯ ሳለ፣ ባሏ አብዱልጀሊል "ባቲ ይቅርብሽ፣ መንገዱ ያንገላታሻል" ብሏት ነበር። እሷ ግን ገበያው እንዳያመልጣት የሰልባጅ ቦንዳዋን ጭና ከከሚሴ ወረደች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! በሦስተኛው ቀን ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም የሚመዝን ልጅ ወለደች። ሐኪሞቹ በመንገዱ አይደለም ቢሏትም አላመነቻቸውም። አብዱልጀሊል አንድ ቀን እንኳ ወቅሷት አያውቅም፤ የሚብሰውም ይሄ ነው። ባለፈው ቀጠሮ ነርሷ ሌላ ልጅ ስትመረምር አይታ፣ ጥያቄዎቹን በልቧ ይዛ ሄደች። ሦስት ወር ሙሉ በለስላሳ ቆርኪና በኩባያ ስታስጠናው ከረመች።

"ይኸውልሽ" አለች ሰርካለም ቅጹን እየሞላች፣ "ያለጊዜያቸው ከተወለዱት ልጆች ውስጥ ኋላ ትምህርት ሊከብደው የሚችለውን ከአሁኑ የምንገምተው በዚህ ነው። የሚያሰጋ ካለ በየሳምንቱ እየመጣ እናግዘዋለን። ያንቺ ግን አያስፈልገውም። ፈርሚና ከክትትል ይውጣ።"

ዓዲላ እስክሪብቶውን ተቀበለች። ለአብዱልጀሊል ደውላ "አለፈ" ስትለው ታያት። ሁለት ዓመት ሙሉ የናፈቃት ቃል ነበር። ሪድዋን ከጉያዋ ቀና ብሎ እንደገና አፉን ከፈተ። ነገ ትምህርት ቤት ገብቶ፣ አስተማሪው እሷ ያላስጠናችውን ሲጠይቀው ማን ይደርስለታል? አፈረች። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ መለሰች።

"ሲስተር፣ ወላሂ አታለልኩሽ።"

"በምኑ?"

"ሁሉንም ያስጠናሁት እኔ ነኝ። ባለፈው አይቼሽ።"

ሰርካለም የሞላችውን ቅጽ ወደ ጎን ገፋችው።

"ለምን?"

"የኔ ጥፋት እሱ ላይ እንዳይታይ ብዬ ነዋ።"

ነርሷ ቀስ ብላ አዲስ ቅጽ አወጣች።

"ያላስጠናሁትን ጠይቂው" አለች ዓዲላ። ልጇን ነርሷ ፊት አስቀመጠችውና መልስ ፍለጋ ዓይን ዓይኗን እንዳያያት የራሷን ወንበር ወደ ጀርባው ወሰደች።