ለበቅሎ የተያዘ ስልክ

ሙሉሃብት ላሊበላ ላይ ባሠራው አዲስ ሆቴል ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር በመስታወት ሣጥን አስቀመጠ። እንደ ቅርስ ቆጥሮ መብራት አበራበት። በሁለት ሺህ ስምንት ዓ.ም. የገና ሰሞን የድሮ ባልንጀሮቹን ሰብስቦ፣ በስልክ መስመር ኢንተርኔት ይገቡ የነበረበትን ደግ ዘመን ሊያወሳ ድግስ ደገሰ። የክብር እንግዳ ብሎ የጠራው ረሒማን ነው። ስልኩ የእሷ ነበርና።

ረሒማ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላት። ያኔ በዘጠና አምስት ዓ.ም. በዚያ ሰፈር ስልክ የነበራት እሷ ብቻ ነበረች። አስጎብኚው ሙሉሃብት አንድ ፈረንጅ የተወለትን ኮምፒዩተር ተሸክሞ መጥቶ ሱቋ ጥግ ላይ ተከለው። የስልኩን ሒሳብ እከፍላለሁ አለ፤ ከፈለም። እሷን ያሳሰባት ሌላ ነው፤ ጅዳ ያለው ልጇ ሳሊሕ ቢደውልስ?

«አያስቡ እትዬ፤ ስልክ ሲመጣ ማሽኑ ራሱ መስመሩን ይለቃል» አላት።

የተማረ ሰው ነውና አመነችው።

ሳሊሕ ሊያገባ ነበር። ልጅቷን እናቱ መጀመሪያ አልወደደቻትም፤ ኋላ ግን ልቧ ራርቶ ዱዓ ልታደርግላቸው ቆርጣለች። የገና ገበያ ሲያልፍ ማታ ማታ እደውላለሁ፣ ዱዓሽን ሰምቼ ኒካሁን አስራለሁ ብሏት ነበር። ገና አለፈ። ረሒማ ሳምንቱን ሙሉ ከስልኩ ጎን ተቀምጣ ጠበቀች። ሙሉሃብት አጠገቧ ሆኖ በኮምፒዩተሩ ይጽፋል። ስልኩ አንድ ምሽት እንኳ አልጮኸም። ጅዳ ላይ ሳሊሕ በደወለ ቁጥር የሚሰማው የተያዘ መስመር ነው። እናቴ እንዳላገኛት የስልኩን እጀታ አንስታ አስቀመጠችው ብሎ ደመደመ። ያለ ዱዓዋ አገባ።

ከዚያ ወዲህ ለኢድ ይደውላል፤ ደህና ነሽ ይላል፣ ይዘጋል። ኋላ የወለዳትን ልጁን ሂንድን በስልክ እንኳ አንድ ቀን አላገናኛትም። መስመሩን የያዘው ኮምፒዩተሩ ነው ብላ ደጋግማ ብትነግረው፣ ላሊበላ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ስልክ የሚይዝ ማነው ብሎ አፏን አስያዛት። ሙሉሃብትን መስክርልኝ ስትለው ደግሞ፣ ኧረ እኔ ለትንሽ ደቂቃ ነበር የምገባው እያለ ይስቃል።

በድግሱ ዕለት በር ላይ አገኘችውና ለሳሊሕ አንዲት ቃል ብቻ እንዲነግርላት እንደገና ለመነችው።

«እትዬ፣ ዛሬ የደስታ ቀን ነው፤ የቆየ ነገር አናንሳ» አላት። የጠራት የቆየ ነገር ለማንሳት ነበር።

ገብታ ተቀመጠች። ኮምፒዩተሩን አልተጣላችውም፤ ዕቃ ምን ያድርግ። የሚያስጠሏት ሰዎቹ ናቸው። አንዱ ኢንተርኔት ሲገባ የነበረውን የድሮውን የመስመር ጩኸት በሞባይሉ አሰማ። ቆርቆሮ በምስማር ሲቧጨር የሚመስለውን ድምፅ እንደ ዜማ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡት። ያኔ እንዴት እንዋደድ ነበር ተባባሉ። ረሒማ ያኔ ሱቋ ውስጥ ከጀርባቸው ሆና የሰማችው ፍቅር ግን በላቲን ፊደል የተጻፈ ስድብ ነበር፤ መልኩን አይተውት ከማያውቁት ሰው ጋር ይሰዳደባሉ፣ ጮክ ብለው እያነበቡ ይንከተከታሉ። ሁሉም ለራሱ ማዕረግ ሰጥቷል። ሙሉሃብት የሚጽፍበት ስም «የዛጉዌ ወራሽ» ነበር።

ወራሹ ማይክ ያዘ። ረሒማ ጠባዩን ታውቃለች፤ ሲጠየቅ የሚክደውን ሲጨበጨብለት ይለፈልፈዋል። ሞባይሏን አወጣችና በኢሞ ሳሊሕ ጋ ደወለች። ዝም ብለህ ስማ ብላው ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው አዞረችው።

«የበቅሎውን ክርክር ታስታውሳላችሁ?» አለ ሙሉሃብት። ሳቅ ሆነ። «የዘጠና አምስቱ የገና በዓል እንዳለፈ በነበረው ሳምንት ነው። አንዱ የጎንደር ልጅ፣ የአሸተን ማርያምን ዳገት በበቅሎ ሳይወጣ፣ የሰሜን በቅሎ ከላስታ በቅሎ ትበልጣለች ብሎ ጻፈ። እዚሁ እትዬ ረሒማ ሱቅ ሆኜ፣ ማታ ማታ፣ ሳምንት ሙሉ መስመሩን ሳልለቅ ገጠምኩት። የፈለገ ሰው ቢደውል ተይዟል ነው የሚለው፤ ማን ያቋርጠኛል?»

አጨበጨቡለት። ሙሉሃብት በቅሎ ኖሮት አያውቅም።

ረሒማ ስልኩን ወደ ጆሮዋ መለሰች።  

«ሰማህ?»

«ለበቅሎ ነው እማ?» አለ ሳሊሕ።

«ለበቅሎ ነው። ያውም ለሌለው በቅሎ።»

 ሳሊሕ ከስልኩ ራቅ ብሎ፣ ሂንድ ነይ፣ አያትሽ ናት ሲል ተሰማት።

በዚህ መሐል ሙሉሃብት ማይኩን ይዞ ጠረጴዛዋ ጋ ደርሷል። የዚያን ዘመን ጣዕም በሁለት ቃል ይንገሩን አላት፤ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ጠበቀ። ረሒማ ቀና ብላ አላየችውም። ማይኩን በመዳፏ፣ ዝንብ እንደምታባርር፣ ከፊቷ ገፋችው።

«መስመሩ ተይዟል» አለችው።

ከጅዳ አንዲት ቀጭን ድምፅ ሰላምታ ማቅረብ ጀምራለች።